ቋሚና ማገር የሌለው ግድግዳ

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በማዲሰን፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። ረጅም ዘመን የሕፃናት መዋያ ሆና ካገለገለች በኋላ በ1998 ለአዲስ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ቦታ እንድትለቅ ተነሣች (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ የዋሉ ልጆች የሚደገፉት ግድግዳ ከሌላ ቤት ግድግዳ የተለየ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። መሐንዲሶች በ1930ዎቹ ያቆሙት ግን አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ የግድግዳ ቆዳ አጥንት ሆኖ ቤት ይሸከማል ወይ? ቤቷ ስድሳ ዓመት ያህል በማዲሰን በረዶ ሥር ቆማ መለሰችላቸው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ጥያቄው አይከብደውም። መጀመሪያ ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታበታል፤ ከጭድ ጋር የተቦካው ጭቃ ይመረግበታል፤ ሲደርቅ ይለሰናል። ጣሪያውን የሚሸከመው ቋሚው ነው፤ ነፋሱንና ብርዱን የሚመክተው ምርጉ ነው። ተሸካሚው ሌላ፣ ከልካዩ ሌላ። የአሜሪካው የእንጨት ቤትም የሚቆመው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጣውላ ይቆማል፣ በጣውላዎቹ መካከል ብርድ መከላከያ ይጠቀጠቃል፣ ከውስጥም ከውጭም ሰሌዳ በሚስማር ይመታል። ግድግዳው ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ጣውላ ከፎም ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል፤ በእንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ጣውላው ከስፋቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል። በብርድ ወራት በእያንዳንዱ ቋሚ በኩል የቤቱ ሙቀት ሾልኮ ይወጣል።

ባለሙያዎች በአጭሩ ሲፕ የሚሉት ፓነል ይህን ሁሉ ሥራ ለአንድ አካል ይሰጣል። ሁለት ቀጫጭን የእንጨት ሰሌዳዎች፣ በመካከላቸው ወፍራም ፎም፣ ሦስቱን አንድ የሚያደርግ ማጣበቂያ፤ ይኸው ነው። ቋሚ የለው፣ ማገር የለው። ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንድ ደብተር ይበቃል። ደብተር ሲታጠፍ እሺ የሚለው ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ነው፤ ቅጠል በቅጠል በኮላ ቢጣበቅ ጣውላ ሆኖ ይደነድናል። ፓነሉም እንዲሁ ነው። ሸክም ሲያጎብጠው አንደኛው ቆዳ ይጨመቃል፣ ሌላኛው ይወጠራል፤ የፎሙ ድርሻ ሁለቱን አራርቆ መያዝና እንዳይንሸራተቱ መከልከል ነው። ኮላው ከለቀቀ ግን የቀረው ሁለት ስስ ሰሌዳና አንድ ቁራጭ ፎም ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህ ግድግዳ ታሪክ ከእንጨቱም ከፎሙም ይልቅ የማጣበቂያውና የመጋጠሚያው ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከደን እጦት ነው። ዊስኮንሲንና ጎረቤቷ ሚሺጋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነጭ ጥድ ደናቸው የታወቁ ነበሩ። እንጨቱ ቺካጎንና ዛፍ አልባውን ሜዳ ተከትለው የበቀሉትን ከተሞች ሠራ፤ ክፍለ ዘመኑ ሲያበቃ ግን ደኑ በአብዛኛው ተመንጥሮ ነበር። የአገሪቱ የደን አገልግሎት በ1910 በማዲሰን የደን ውጤቶች ላቦራቶሪን ያቋቋመው ይህ ጭንቀት ባለበት ጊዜ ነው፤ ከአንድ ግንድ የበለጠ ጥቅም የሚወጣበትን ዘዴ እንዲፈልግ። ለአማርኛ አንባቢ ጭንቀቱ ባዳ አይደለም። በዚያው ዘመን መባቻ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተራቁቶ በእንጨት እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ ችግሩን ዛፍ ተክላ ስትወጣው፣ ማዲሰን ያለውን እንጨት በመቆጠብ ልትወጣው ሞከረች።

ከዚያ የ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። ቤት የሚሻው ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ሆነ። የላቦራቶሪው ሰዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን የሚሆን እንጨትና ኮምፔርሳቶ ሲመረምሩ ስለ ነበር፣ ስስ የእንጨት ሽፋን በትክክል ከተጣበቀ ምን ያህል እንደሚሸከም ያውቁ ነበር። እውቀቱን ወደ ቤት አዛወሩት። ቀጫጭን ጣውላዎችን በሁለት ኮምፔርሳቶ መካከል አድርገው በሚስማር ፈንታ በማጣበቂያ አያያዟቸው፤ ሽፋኑ ከቋሚው ጋር ሸክም ተካፈለ። በ1935 በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን የሙከራ ቤት ሠሩ። በ1937 የተሠራውን፣ ማለትም በኋላ የሕፃናት መዋያ የሆነውን ቤት፣ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት መርቀው እንደ ከፈቱት በሙያው ዘንድ ይነገራል።

ይህ ከአሥር ዓመት በፊት ቢሞከር ባልተሳካ ነበር። ኮምፔርሳቶ ይጣበቅ የነበረው ከአኩሪ አተር፣ ከከብት ደም ወይም ከወተት በሚወጣ ኮላ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። በ1934 በዋሽንግተን ግዛት፣ በአበርዲን ከተማ በሚገኘው ሃርበር ፕላይውድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጄምስ ኔቪን ውኃ የማያላቅቀው ማጣበቂያ አዘጋጀ። ኮምፔርሳቶ ከቤት ዕቃነት ወጥቶ ለውጭ ግድግዳና ለጣሪያ የበቃው ከዚያ ወዲህ ነው። ታላላቅ አርክቴክቶች በየመጽሐፉ ሲወደሱ፣ ግድግዳውን ያቆመው የኮላ ሊቅ ስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው።

ከታላላቆቹ አንዱም በዚያው በ1937፣ በዚያው በማዲሰን፣ ስለዚያው ጉዳይ ይጨነቅ ነበር። ኸርበርት ጃኮብስ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ፍራንክ ሎይድ ራይት ዘንድ ሄዶ በ5,000 ዶላር ደህና ቤት ሊሠራልን ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ራይት ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ስሙ የገነነ አርክቴክት ነበር። እሺ አለ። የራሱ ክፍያ 450 ዶላር ተጨምሮ ቤቱ በ5,500 ዶላር ተጠናቀቀ። ወጪውን ለመቀነስ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ በሬሲን ከተማ ይሠራ ከነበረው የጆንሰን ኩባንያ ሕንጻ የተረፈ ጡብ መጠቀም ነበር። ሊያይ የሚመጣው ሰው ስለ በዛ ቤተሰቡ በነፍስ ወከፍ 50 ሳንቲም ማስከፈል ጀመረ፤ ከዚያ የተሰበሰበው ለአርክቴክቱ የተከፈለውን መለሰ።

የጃኮብስ ቤት ግድግዳ ለዚህ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ራይት ቋሚና ማገሩን ትቶ መካከሉን በተደረደሩ ሳንቃዎች ሠራው፤ በግራና በቀኝ ወረቀት አለበሰው፤ በላዩ የጥድ ሰሌዳና ቀይ እንጨት በብሎን አሰረበት። ውፍረቱ 6 ሴንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ልስን የለው፣ ቀለም የለው፤ ከውጭ የሚታየው ከውስጥም ይታያል። ውበቱ ዛሬም ያስደንቃል፤ በ2019 ዩኔስኮ ከራይት ሌሎች ሰባት ሥራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ነገር ግን በሰሌዳዎቹ መካከል ሙቀት የሚይዝ አንዳች ነገር አልነበረም። ራይት የማሞቂያውን ቧንቧ ከወለሉ ሥር ዘርግቶ ቤቱን ከእግር በታች ቢያሞቀውም፣ ግድግዳው በዊስኮንሲን የጥር ብርድ ፊት እንደ ነጠላ ስስ ነበር። ሐሳቡ ደርሶ ነበር፤ መካከሉን የሚሞላው ዕቃ ገና አልደረሰም።

ዕቃውን ያቀረበው ጦርነት ነው። ብሪታንያ አሉሚኒየም እንዳያጥራት ስትሰጋ ደ ሃቪላንድ የተባለው ኩባንያ አውሮፕላን ከእንጨት ሠራ። በኅዳር 1940 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ሞስኪቶ አካሉ በሁለት የበርች ኮምፔርሳቶ መካከል ቀላሉን የባልሳ እንጨት አስገብቶ በማጣበቅ የተሠራ ነው፤ የሲፕ አጎት ቢባል አያንሰውም። በዘመኑ ከነበሩት ፈጣን አውሮፕላኖች አንዱ ሲሆን ከ7,700 በላይ ተሠርቷል። ድክመቱ የታየው በመጋጠሚያው ነው። በ1944 በሕንድና በበርማ ግንባር ከተሰማሩት አንዳንዶቹ በአየር ላይ ሲሰባበሩ መርማሪዎች ካገኙት ጥፋት መካከል በፋብሪካ በአግባቡ ሳይገጠምና ሳይጣበቅ የቀረ ስፌት ይገኝበታል። አብራሪዎች ሕይወታቸውን ከፍለው የተገኘ ትምህርት ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የማዲሰኑ ላቦራቶሪ አንድ ደፋር እርምጃ ወሰደ። ሽፋኑ ሸክም መካፈል ከቻለ፣ ሸክሙን በሙሉ ቢወስድስ? በ1947 በግቢው ውስጥ ቋሚ የሚባል ነገር ከሌላቸው ፓነሎች ቤት አቆመ። መካከላቸው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፣ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ነበር፤ ቆዳቸው ደግሞ ከብዙ ዓይነት ዕቃ፣ ኮምፔርሳቶም፣ ጠጣር ሰሌዳም፣ የታከመ ካርቶንም። ከዚያ ጠበቁ። ዝናብ ዘነበባቸው፣ በረዶ ተከመረባቸው፣ ፀሐይ አከረራቸው። ቤቱ በ1978 ሲፈታ 31 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የካርቶን ቆዳ ካላቸው በስተቀር አብዛኞቹ ፓነሎች የመጀመሪያ ጉልበታቸውን እንደያዙ ተገኙ። ውጤቱን ለማየት ሦስት አሥርት ዓመት የሚታገሥ ተቋም መኖሩ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሙከራውን የጀመሩት መሐንዲሶች ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው ሳይሆን አይቀርም፤ ወረቀት ለውጭ አየር እንደማይበጅና ኮምፔርሳቶ ግን እንደሚበጅ በግምት ሳይሆን በዓይን አይተው ለተተኪዎቻቸው አስረክበዋል።

ፎሙ ራሱ በሁለት ጎዳና ነው የመጣው። የመጀመሪያው ከስዊድን ይነሣል። ካርል ሙንተርስ የተባለው መሐንዲስ በ1930ዎቹ ፖሊስታይሪንን አሙቆና አስነፍቶ ሙቀት መከላከያ የሚያደርግበትን ዘዴ በባለቤትነት አስመዝግቦ ነበር። በሚሺጋን ሚድላንድ ከተማ በዳው ኬሚካል ኩባንያ የሚሠራው ሬይ ማክንታየር ይህን ሳያውቅ በ1941 አካባቢ ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሆን ጎማ መሰል ነገር ሲፈልግ፣ ከፖሊስታይሪን በ30 እጥፍ የቀለለ የተነፋ ነገር ወጣለት። ኩባንያው የሙንተርስን መብት ወስዶ ስታይሮፎም ብሎ ሰየመው። አዲሱ ዕቃ መጀመሪያ የዋለው ለቤት አልነበረም፤ በ1942 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የነፍስ አድን ታንኳ አሠራበት። ውኃ የማይጠጣ፣ የማይሰምጥ ነበርና። ሁለተኛው ጎዳና የጀርመን ነው። በቢኤኤስኤፍ ኩባንያ የሚሠራው ፍሪትዝ ሽታስትኒ በ1949 በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ያስቀመጠውን ናሙና ሞቃት ማድረቂያ ውስጥ ረስቶት አደረ፤ ሲመለስ ናሙናው እንደ ዳቦ ተነፍቶ ክዳኑን ተሸክሞት ጠበቀው ይባላል። ዛሬ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ተጠቅልሎ የሚመጣበት፣ ፍሬ ፍሬ የሆነው ነጭ ፎም ዘሩ ከዚህ ነው፤ አብዛኞቹ ሲፖችም የሚሠሩት በእሱ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር በእጅ ነበር፤ ኮላውም፣ ሰሌዳውም፣ ፎሙም። ያገናኛቸው ሰው ደግሞ ለዚሁ የተወለደ ይመስላል። አልደን ዳው የዳው ኬሚካል መሥራች የኸርበርት ዳው ልጅ ነው። የአባቱን ኬሚስትሪ ትቶ አርክቴክቸር አጠና፤ በ1933 ከባለቤቱ ጋር ራይት ዘንድ ታሊሲን ሄዶ በጋውን ከእሱ ጋር ሠራ። ከመምህሩ የተማረው ውበትና ቁጠባ ባንድ ግድግዳ ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው፤ ከቤተሰቡ ኩባንያ ያገኘው ደግሞ ራይት ያጣውን መካከል ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በትውልድ ከተማው በሚድላንድ ስታይሮፎምን በኮምፔርሳቶ መካከል አጣብቆ ግድግዳና ጣሪያ ያደረገባቸውን ቤቶች ሠራ። የዛሬው ሲፕ አባት ማን ነው ሲባል ብዙዎች እሱን የሚጠሩት ለዚህ ነው። ከእነዚያ ቤቶች ሰው የሚኖርባቸው ዛሬም አሉ።

ነገር ግን ገበያው አልተከተለውም። ኮፐርስ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ ማብቂያ በዲትሮይት በገፍ ለማምረት ሞክሮ አልዘለቀበትም። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ነዳጅ ርካሽ ነው፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝ ምድጃውን ከፍ ማድረግ ይቀላል። አናጢው በአባቱ መዶሻ የለመደውን ቤት በሳምንታት ያቆማል። የየከተማው የግንባታ ሹም ደግሞ በመጽሐፉ ያልተጻፈ ግድግዳ ሲቀርብለት ፈቃድ አይሰጥም። አዲሱ ፓነል ትክክለኛ መልስ ነበር፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ጠያቂው በጥቅምት 1973 መጣ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጥለው ዋጋው በጥቂት ወራት ውስጥ በአራት እጥፍ ሲያሻቅብ፣ በሰሜን አሜሪካ የቤት ማሞቂያ ወጪ የቤተሰብ ራስ ምታት ሆነ። ፓነሉን ከመደርደሪያ ያወረዱት ግን ማንም ያልጠበቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጥንታዊውን የእንጨት ሥራ ሊያስነሡ የተነሡ የኒው ኢንግላንድ አናጢዎች። በኒው ሃምፕሻየር እንደ ቴድ ቤንሰን ያሉት፣ ግዙፍ ምሰሶዎችን ያለ ሚስማር በተፈለፈለ መጋጠሚያና በእንጨት ችንካር የሚያጋጥሙበትን የቆየ ጥበብ መልሰው አመጡ፤ ቤንሰን በ1980 ስለ ሙያው ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ ተከታይ አፈራ። ችግራቸው ያን የመሰለ አጽም ካቆሙ በኋላ ምን እንደሚያለብሱት ነበር። በምሰሶዎቹ መካከል ተራ ግድግዳ ቢሠሩ ውበቱን ይሸፍናሉ፣ ሥራውንም ሁለት ጊዜ ይሠራሉ። የፎም ፓነል ከውጭ እንደ ካባ ተደረበለትና ምሰሶዎቹ ከውስጥ እንደ ተገለጡ ቀሩ። የጥንቱ ጥበብ አዲሱን አዳነው ማለት ይቻላል፤ አዲሱም የጥንቱን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የሰሌዳው ነው። ጥሩ ኮምፔርሳቶ ወፍራምና ቀጥ ያለ ግንድ ይሻል። በ1980ዎቹ ገበያውን የያዘው፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኦኤስቢ የሚባለው ሰሌዳ ግን ቶሎ ከሚያድጉ ቀጫጭን ዛፎች ይሠራል፤ እንጨቱ በረጃጅሙ ይላጥና ፍላጩ አቅጣጫው እየተለዋወጠ ተነጥፎ በሙጫና በሙቀት ይጨመቃል። ፋብሪካዎች 2.4 ሜትር በ7.3 ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ፓነል ማምረት ቻሉ፤ የአንድ መኝታ ቤት ግድግዳ ከነመስኮቱ ቀዳዳ ተቆርጦ በክሬን ይወርዳል። የ1910ሩ የማዲሰን ጥያቄ፣ ከትንሽ እንጨት ብዙ ቤት እንዴት ይሠራል የሚለው፣ እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አገኘ።

ታዲያ ትልቁ ፈተና የደረሰው ፓነሉ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ጁኖ የአላስካ ዋና ከተማ ናት፤ ዝናብና ጭጋግ የማያጣት የባሕር ዳር ከተማ። በ2001 ገደማ እዚያ በፓነል ከተሠሩ ቤቶች የአንዳንዶቹ ጣሪያ መበስበሱ ተገኘ። የላይኛው ሰሌዳ በፓነሎቹ ስፌት መሥመር እየተከተለ ረግቦ ነበር። ዝናብ የገባ የመሰላቸው ነበሩ፤ ምርመራው ግን ውኃው ከውስጥ የመጣ መሆኑን አሳየ። ከሚፈላው ድስት፣ ከመታጠቢያው፣ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እርጥብ አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለት ፓነል የተገናኙበት መጋጠሚያ በደንብ ካልታሸገ በዚያ ሾልኮ ቀዝቃዛውን የውጭ ሰሌዳ ሲነካ ጠል ይሆናል። ዓመት ለዓመት ጠብታ በጠብታ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። የፓነሎቹ መካከል ደህና ነበር። የተበላሸው ሁለት ፓነል የተገናኙበት ጠባብ መሥመር ነው፤ ፋብሪካው ሥራዬን ጨርሻለሁ የሚልበት፣ አናጢው ደግሞ ገና ያልጀመረበት ቦታ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች መጋጠሚያው በፎም ማሸጊያ እንዲሞላና ከውስጥ በኩል በቴፕ እንዲለጠፍ አጥብቀው ያዛሉ።

ለሌሎችም ጉድለቶች መላ ተፈልጓል። ፎም በእሳት ፊት ደካማ ነውና የውስጡ ገጽ በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን ግዴታ ሆነ። ምስጥና ጉንዳን ፎሙን ባይበሉትም በውስጡ ዋሻ መቆፈር ስለሚወዱ አምራቾች የቦሮን ውሁድ ይጨምሩበታል። አየር የማያስገባ ቤት ደግሞ ንጹሕ አየር በመሣሪያ ካልተሰጠው ይታፈናል።

ልፋቱ ለማን እንደሚጠቅም ግን በቴነሲዋ ሌኖየር ሲቲ ታይቷል። የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ከበጎ አድራጊው ድርጅት ከሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ጋር ሆኖ ከ2002 ጀምሮ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በሲፕ የተሠሩ ቤቶች አቆመ። ግድግዳውን ያነሡት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ስፋቱ 98 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከጣሪያው የፀሐይ ኃይል የሚገኘው ታስቦ የኃይል ወጪው በአማካይ በቀን ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ሀብታም ሰው የማሞቂያ ወጪውን ላያስተውለው ይችላል፤ ደመወዙ ከወር ወር ለማይደርስለት ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለው ግድግዳ የልጆች ወተትና መድኃኒት ነው። አምራቾቹ በ1990 ማኅበር አቋቁመው የሙከራ ውጤቶችን ሲያሰባስቡ ቆይተው፣ በ2007 የሲፕ ግድግዳ በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ውስጥ ገባ። ለየከተማው ሹም ከመጀመሪያ ጀምሮ ማስረዳት ያን ጊዜ ቀረ።

በአዲስ አበባ ሳንድዊች ፓነል ሲባል የሚታሰበው ሌላ ዘመዱ ነው፤ ቆዳው የብረት ላሜራ የሆነ፣ ለመጋዘን፣ ለማቀዝቀዣ ክፍልና ለኮንትራክተሮች ጊዜያዊ ቢሮ የሚውለው። እሱን የሚያቆመው የብረት አጽም ነው፤ ፓነሉ ይሸፍናል እንጂ ቤት አይሸከምም። በኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ክፍል ከክፍል የሚለየው አግሮስቶንም ከሸንኮራ አገዳ ገለባና ከማግኒዥየም የሚሠራ ፋብሪካ ወለድ ፓነል ይሁን እንጂ፣ ሸክሙን ለኮንክሪቱ ትቶ የሚቆም ነው። ሁለቱም ከጭቃ ቤቱ ምርግ ጋር በአንድ ወገን ይሰለፋሉ።

በብሪታንያ ደግሞ ሲፕ በቤት ላይ ለሚቀጠል ክፍልም ይውላል። ተደጋግፈው የቆሙ አሮጌ የጡብ ቤቶች ባሉበት መንደር ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ለመጨመር ጡብ እየደረደሩ ሳምንታት ዝናብ ከመጠበቅ፣ በፋብሪካ ተቆርጦ የመጣውን ፓነል ማገጣጠም ይመረጣል፤ የክፍሉ ግድግዳና ጣሪያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይቆማል። ቀሪው ጭንቀት አንድ ነው፤ አዲሱ ፓነል አሮጌውን ጡብ የሚያገኝበት መሥመር። ፓነሉ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ ጡቡ ግን መቶ ዓመት ሲሰምጥና ሲያዘነብል የኖረ፣ አንድም ቦታ ቀጥ ያላለ። ግንበኛው ክፍተቱን በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላዋል፣ ከላይ ቴፕ ያለብሰዋል። ከዚያ መርማሪው ይመጣል። በሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ይገጥምና በውስጥና በውጭ አየር መካከል የ50 ፓስካል የግፊት ልዩነት እስኪፈጠር የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል፤ የምታጨስ ቀጭን ዘንግ ይዞ ያንን መሥመር ከወለል እስከ ጣሪያ በዝግታ ይከተለዋል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ያልፋል። በሆነ ቦታ ወደ ክፍሉ መሃል ከታጠፈ ቆም ብሎ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል፤ ግንበኛውም ቴፑን ልጦ ያቺን ጣት የማታህል ቀዳዳ እንደገና ይከፍታታል።